የእውነት ማኅተም ስለ ታተመበት ልብ ወለድ

በኢትዮጵያ ሽማግሌ ለልጆች ተረት ሲጀምር አስቀድሞ «ተረት ተረት» ይላል፤ ልጆቹም «የላም በረት» ብለው ይመልሳሉ። ይህ ልማድ ለጨዋታ ብቻ የተደረገ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ከፍ ያለ ሥርዓት አለበት። ተራኪው በዚህ ቃል «ከዚህ በኋላ የሚነገረው ጅብና ቀበሮ እንደ ሰው የሚነጋገሩበት ነገር ነውና እንደ ተረት ይሰማ» ማለቱ ነው፤ ሰሚዎቹም መልሱን ሲሰጡ ውሉን ተቀበሉ ማለት ነው። ሲጨርስም «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብሎ በሩን ይዘጋዋል። እንዲህ ያለው ተራኪ አንበሳውን ንጉሥ፣ ጦጣዋን ዳኛ ቢያደርግ ሐሰተኛ ነህ የሚለው የለም። ሐሰተኛ የሚባለው ያንኑ ተረት ይዞ ዳኛ ፊት ቀርቦ ምሎ የመሰከረ ሰው ነው።

ዳን ብራውን የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ በ2000 ያሳተመው «መላእክትና አጋንንት» የተባለ ልብ ወለድ በዚህ ሚዛን ሊመዘን ይገባዋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናትም፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በስዊስ አገር በጄኔቫ አጠገብ፣ ሴርን በሚባለው የምርምር ስፍራ፣ ቄስም የፊዚክስ ሊቅም የሆነ አንድ ሰው ተገድሎ ይገኛል፤ በደረቱም ላይ «ኢሉሚናቲ» የሚል ቃል በጋለ ብረት ተተኩሶበታል። እርሱ የሠራው ፀረ ቁስ የተባለ ብርቱ አጥፊ ነገር ተሰርቆ በቫቲካን ምድር ቤት ይደበቃል። ቀኑም የሮም ጳጳስ ሞቶ ካርዲናሎች ተተኪውን ለመምረጥ የተሰበሰቡበት ቀን ነው። ለመንበሩ የታሰቡት አራት ካርዲናሎች ይጠፋሉ፤ በየሰዓቱም አንዳንዱ የምድር፣ የነፋስ፣ የእሳትና የውኃ ስም እየተተኮሰበት ይገደላል። ሮበርት ላንግደን የተባለ የሐርቫርድ መምህርም ምልክት ፈቺ ነው ተብሎ ተጠርቶ፣ በሮም ከተማ ከአንዱ ሐውልት ወደ ሌላው እየሮጠ የገዳዩን ዱካ ይከተላል።

ደራሲው የመተረክ ችሎታ የለውም የሚል ቢኖር አድልዎ አድርጓል። ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው፤ ብዙዎቹም በጥያቄ ስለሚያልቁ አንባቢው መብራቱን ሳያጠፋ ያነጋል። «ዘ ዳ ቪንቺ ኮድ» የተባለው ሌላው መጽሐፉ በ2003 ከወጣ በኋላ ይህም የቀድሞው በሚሊዮን የሚቆጠር አንባቢ አገኘ፤ በ2009ም ሲኒማ ሆነ። ሰውን የሚያስደስት መጽሐፍ መጻፍ ነውር አይደለምና በዚህ ክርክር የለም።

ክርክሩ ከመጀመሪያው ምዕራፍ በፊት ባሉት ጥቂት ገጾች ላይ ነው። በእነዚያ ገጾች ደራሲው በሮም ያሉት የጥበብ ሥራዎች፣ መቃብሮች፣ የምድር ውስጥ መተላለፊያዎችና ሕንጻዎች እስከ ቦታቸው ድረስ እውነተኞች እንደ ሆኑ ይናገራል፤ ቀጥሎም የኢሉሚናቲ ወንድማማችነት እንዲሁ እውነተኛ መሆኑን ያክላል። «ተረት ተረት» ሊባል በሚገባው ስፍራ «እውነት» የሚል ማኅተም ታተመ ማለት ነው። የነገሩም ብልሃት ቃሉ ፈጽሞ ሐሰት አለመሆኑ ነው። በዚህ ስም የሚጠራ ማኅበር አንድ ጊዜ ነበረ፤ ሐውልቶቹም በእርግጥ በሮም ቆመው ይታያሉ። ብቻውን የሄደ ሐሰት በመጀመሪያው ኬላ ይያዛል፤ በእውነት ጭነት መካከል የታሰረ ሐሰት ግን ከጭነቱ ጋር ሳይፈተሽ ያልፋል።

እንግዲህ ጭነቱ ይፈታ።

የኢሉሚናቲ ማኅበር መሥራች አዳም ቫይስሃውፕት የተባለ፣ በባቫርያ በኢንጎልሽታት ዩኒቨርሲቲ የቤተ ክርስቲያን ሕግ መምህር ነበረ። ከጥቂት ሰዎች ጋር ሆኖ ማኅበሩን ያቆመው በሜይ 1 ቀን 1776 ነው። ለራሱ ስፓርታኩስ የሚል የምሥጢር ስም አወጣ፤ አሳቡም በአገሩ ትምህርትና መንግሥት ላይ ካህናት የነበራቸውን ሥልጣን መቀነስ፣ ሰውንም በአእምሮ ብርሃን ማቅናት ነበረ። ማኅበሩ ግን 10 ዓመት በሰላም አልኖረም። የባቫርያ ገዥ ካርል ቴዎዶር በ1784 እና በ1785 ባወጣቸው አዋጆች ከለከለው፤ የተያዙትም ወረቀቶች በ1787 በመንግሥት ትእዛዝ ታትመው ወጡ። ምሥጢር የተባለው ሁሉ በገበያ ተሸጠ። መሥራቹም ወደ ጎታ ተሰዶ በዚያው በ1830 ሞተ።

ልብ ወለዱ ታላቁን የከዋክብት ተመራማሪ ጋሊሌዎን የዚህ ማኅበር አባል፣ በርኒኒንም የማኅበሩ ስውር ቀራጺ ያደርጋቸዋል። ጋሊሌዎ የሞተው በ1642 ነው፤ ማኅበሩ ሊመሠረት ገና 134 ዓመት ቀርቶት ነበር። በርኒኒ የሞተው በ1680 ነው፤ እርሱም ማኅበሩን በ96 ዓመት ቀድሞት አለፈ። ለሙት ተዝካር ይወጣለታል እንጂ ሙት ማኅበር አይገባም። ደግሞም በርኒኒ ለጳጳሳት ሲሠራ የኖረ፣ የቅዱስ ጴጥሮስን አደባባይ የከበቡትን ዐምዶች ያቀደ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው የቤተ ክርስቲያን ስውር ጠላት ለማለት ከሐውልቶቹ አቀማመጥ የተሻለ ምስክር ማቅረብ ይገባ ነበር።

ስለ ኮፐርኒኩስ የተባለው ደግሞ ከዚህ ይከፋል። ይህ ሊቅ ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች ብሎ ስላስተማረ በቤተ ክርስቲያን እንደ ተገደለ በመጽሐፉ ውስጥ እንደ ታወቀ ነገር ይነገራል። ኮፐርኒኩስ ግን በፍራውንቡርግ ካቴድራል የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበረ። መጽሐፉንም መታሰቢያነቱን ለጳጳሱ ለጳውሎስ 3ኛ አድርጎ በ1543 አሳተመ፤ በዚያው ዓመትም በ70 ዓመቱ ታሞ ሞተ። መጽሐፉ በሮም የታገደው በ1616፣ እርሱ ከሞተ ከ73 ዓመት በኋላ ነው። እገዳው ስሕተት ነበረ፤ ግድያ ግን አልነበረም። ስሕተትን ስሕተት፣ ግድያን ግድያ ብሎ መጥራት ደግሞ የፍትሕ መጀመሪያ ነው።

እዚህ ላይ ለካህናት ማድላት አይገባም። ጋሊሌዎ በ1633 በሮም ችሎት ፊት ቆሞ ትምህርቱን በግድ ካደ፤ ከዚያም እስከ ሞተበት ቀን በአርቼትሪ በገዛ ቤቱ እንደ እስረኛ ተጠበቀ። ጆርዳኖ ብሩኖም በ1600 በሮም አደባባይ በእሳት ተቃጠለ። የሮም ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በጋሊሌዎ ላይ የፈረዱት ሊቃነ መለኮት መሳሳታቸውን በግልጥ የተናገሩት በ1992 ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ የሚሸሽገውም የለም።

ነገር ግን አስተዋይ ሰው በዚህ እውነት ላይ አንድ ነገር ይመለከታል። በጋሊሌዎ ላይ የተሠራው በደል የምሥጢር ማኅበር ሥራ አልነበረም። ዳኞቹ ስም ነበራቸው፤ ክሱ ተጽፏል፤ ፍርዱም ተፈርሟል። በደሉ የተሠራው በቀን ብርሃን፣ ሥልጣን ባላቸውና ትክክል የሠሩ በመሰላቸው ሰዎች ነው። ከታሪክ ሊገኝ የሚችለው ትምህርት ሁሉ ያለው በዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለው በደል በማናቸውም ዘመን በማናቸውም ጉባኤ ሊደገም ይችላል። የስውር እጅ ተረት ይህን ትምህርት ይሰርቃል። የታወቁትን በዳዮች ከመድረክ አስወጥቶ በስፍራቸው ፊቱ የማይታይ ጥላ ያቆማል። ጥላ ደግሞ አይከሰስም፤ ይቅርታም አይጠይቅም።

ሃይማኖትና ሳይንስ ከጥንት እስከ ዛሬ በጦር ሜዳ ተፋጠው ቆመዋል የሚለውም የመጽሐፉ መሠረት የተሸረፈ ነው። የዘር ውርስን ሕግ ያገኘው ግሬጎር ሜንዴል በብርኖ ገዳም የነበረ መነኩሴ ነው። ዓለም ከአንድ ጥንታዊ ቅንጣት ተነሥታ ተስፋፋች የሚለውን አሳብ በ1931 ያቀረበው ዦርዥ ለሜትር የቤልጅግ ቄስ ነበረ። በኢትዮጵያም የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት እየቈጠሩ በዓላትን የሚያወጡት የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ቁጥርን የሃይማኖት ጠላት አድርገው አያውቁም። ጠብ አልነበረም ማለት አይደለም፤ ጠቡ ግን በሁለት ሠራዊት መካከል የተደረገ ሳይሆን ብዙ ጊዜ በአንድ ቤት ውስጥ፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ሰው ልብ ውስጥ የተደረገ ነው።

ስለ ሳይንሱም ቤት እንዲሁ ሊነገር ይገባል። ሴርን በ1954 በ12 የአውሮፓ መንግሥታት ስምምነት የቆመ ነው። የተመሠረተበት ውል ለጦር የሚሆን ሥራ እንዳይሠራበት ይከለክላል፤ የምርምሩም ውጤት ታትሞ ለሁሉ እንዲገለጥ ያዛል። ዛሬ ዓለም የሚገለገልበት የኢንተርኔት ድር በ1989 በዚሁ ስፍራ በቲም በርነርስ ሊ ታስቦ፣ በ1993 ያለ ዋጋ ለሰው ሁሉ ተሰጠ። ፀረ ቁስ የተባለውም ነገር ተረት አይደለም፤ ፖል ዲራክ በ1928 በሒሳብ አመለከተው፤ ካርል አንደርሰን በ1932 በዐይን አሳየው። በሴርን በ1995 የፀረ ሃይድሮጅን አተሞች ተሠርተዋል፤ ቁጥራቸው ግን 9 ብቻ ነበር፤ ዕድሜያቸውም ከዐይን ጥቅሻ እጅግ ያነሰ ነበር። በልብ ወለዱ የተሰረቀው የግራም ሩብ ነው። የግራም ሩብ ፀረ ቁስ ከተራው ቁስ ጋር ቢገናኝ 10 ሺህ ቶን ያህል ቲኤንቲ እንደ ፈነዳ ያጠፋልና በኀይሉ ልክ ደራሲው እጅግ አልሳተም። መጠኑ ግን ከየትም አይገኝም። ሴርን እስከ ዛሬ የሠራው ሁሉ ተሰብስቦ ቢነድ አንድ የኤሌክትሪክ አምፑል ለጥቂት ደቂቃ ከማብራት እንደማያልፍ የስፍራው ሊቃውንት ራሳቸው ለሕዝብ አስታውቀዋል።

በዚህ ጊዜ የመጽሐፉ ወዳጆች ተነሥተው ይከራከራሉ፤ «ይህ ልብ ወለድ ነው፤ ልብ ወለድ መሆኑን ሁሉ ያውቃል፤ ማንን ጎዳ?» ይላሉ። ምስክርም አያጡም፤ የቫቲካን ጋዜጣ እንኳ በ2009 ሲኒማውን መርምሮ ጉዳት የሌለው መዝናኛ ነው ብሎ ፈርዷል። ጋዜጣው ስለ ሃይማኖት የፈረደው ትክክል ነው፤ በአንድ ልብ ወለድ የምትፈርስ ሃይማኖት የለችምና። አደጋው ያለው በሌላ ስፍራ፣ ስሙ በሐሰት በሚጠራ ጎረቤት ላይ ነው። ልብ ወለድ እንደ እውነት ሲወሰድ ምን እንደሚሆን ዓለም አንድ ጊዜ በደም ተምሮታልና ያ ታሪክ በቅደም ተከተል ሊነገር ይገባል።

በ1785 የታገደው የኢሉሚናቲ ማኅበር ከሞተ በኋላ ነው ዝናው የገነነ። በ1797 ባሩኤል የተባለ ፈረንሳዊ ካህንና ሮቢሰን የተባለ የስኮትላንድ ሊቅ በየበኩላቸው መጽሐፍ አሳትመው፣ የፈረንሳይ አብዮት የዚህ ማኅበርና የፍሪሜሶኖች ሴራ ነው አሉ። ረኀብ፣ የግብር ጭነት፣ የመኳንንት ትዕቢት፣ የንጉሥ ዕዳ ሁሉ ተረስቶ የአንድ ሕዝብ መነሣት በጥቂት ስውር ሰዎች ተፈታ። ከዚያም በኋላ ስውር ሰዎች የሚባሉት እነማን እንደ ሆኑ ስሙ ብቻ ይለዋወጥ ጀመር፤ የተረቱ ቅርጽ ግን አልተለወጠም።

በ1868 ሄርማን ጎድሼ የተባለ የጀርመን ጸሐፊ፣ ሰር ጆን ሬትክሊፍ በሚል የብዕር ስም፣ «ቢያሪትስ» የተባለ ልብ ወለድ አወጣ። ከምዕራፎቹም በአንዱ የእስራኤል ነገዶች እንደራሴዎች በሌሊት በፕራግ በአይሁድ መቃብር ቦታ ተሰብስበው ዓለምን ለመግዛት ሲማከሩ ጻፈ። ይህ ፈጠራ ነበረ፤ የታተመውም በልብ ወለድ መጽሐፍ ውስጥ ነበረ። ነገር ግን ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ ምዕራፉ ከመጽሐፉ ተቈርጦ በሩሲያ ለብቻው ታተመ፤ ቈይቶም አንድ ረቢ በእርግጥ የተናገረው ንግግር ነው ተብሎ በአውሮፓ ዞረ። ልብ ወለድ መሆኑን ሁሉ ያውቃል የሚለው ክርክር በዚህ ምዕራፍ ላይ ወደቀ።

ከዚህ ዐይነቱ ጭቃ የተቦካው «የጽዮን ሽማግሌዎች ፕሮቶኮል» የተባለው ሐሰተኛ ጽሑፍ በ1903 በሩሲያ ጋዜጣ ላይ ታየ። በ1921 የለንደኑ «ታይምስ» ጋዜጣ ጽሑፉ ሞሪስ ዦሊ የተባለ ፈረንሳዊ በ1864 ናፖሌዎን 3ኛን ለመንቀፍ ከደረሰው መጽሐፍ መሰረቁን ሁለቱን ጎን ለጎን አስተያይቶ አሳየ። የዦሊ መጽሐፍ ስለ አይሁድ ሴራ የሚናገረው ነገር አልነበረውም። ሐሰቱ ተገለጠ፤ ሆኖም አልሞተም። የናዚ መንግሥት ያንኑ ጽሑፍ ለስብከቱ ተጠቀመበት። ለ6 ሚሊዮን አይሁድ እልቂት ምክንያቱ አንድ ጽሑፍ ብቻ ነው የሚል አይኖርም፤ ዳሩ ግን ጎረቤቱ ሲወሰድ ዝም ብሎ ያየ ሕዝብ አስቀድሞ ስለዚያ ጎረቤት ብዙ ተረት ሲነገረው የኖረ ሕዝብ ነው።

የዳን ብራውን መጽሐፍ ይህን ክፋት አስቧል የሚል ክስ እዚህ የለም። ክሱ ይህ ነው፤ እንዲህ ያለ ታሪክ ባለበት ዓለም ስለ ስውር ማኅበር የተጻፈን ልብ ወለድ «እውነት» በሚል ገጽ መክፈት የተከደነ ጕድጓድን እንደ መክፈት ነው። የከፈተው ሰው ማንም እንዲወድቅበት ባያስብ እንኳ ክዳኑን ያነሣው እርሱ ነው።

ይህም ተግሣጽ ለደራሲውና ለወዳጆቹ ብቻ የሚበቃ አይደለም። መጽሐፉን አምርረው የሚጠሉ ሃይማኖተኞች አሉ፤ ነገር ግን ከእነርሱ ብዙዎቹ የሚጠሉት ካህናትን ስለሚከስ ነው እንጂ የስውር እጁን ተረት ራሳቸውም ይወዱታል። ጦርነት ቢነሣ፣ በሽታ ቢገባ፣ ወጣት ከቤተ ክርስቲያን ቢርቅ «የኢሉሚናቲ ሥራ ነው» ብለው ነገሩን ይዘጋሉ። እነዚህ ሰዎች የሌዎ ታክሲልን ታሪክ ቢያነቡ ይጠቀማሉ።

ታክሲል ካህናትን በመስደብ የታወቀ ፈረንሳዊ ጸሐፊ ነበረ። በ1885 ንስሓ ገባሁ አለ፤ ወዲያውም የፍሪሜሶኖችን ምሥጢር እገልጣለሁ ብሎ በስውር አዳራሽ ሰይጣን ይመለካል እያለ መጽሐፍ ላይ መጽሐፍ አወጣ። ሰይጣንን ያመልኩ ነበርና ተመለሱ የተባሉ ሰዎችንም ከልቡ ፈጠረ። ጳጳሳት አመኑት፤ በ1887 ከሮም ጳጳስ ከሌዎ 13ኛ ፊት ቀረበ፤ የካቶሊክ ጋዜጦችም አከበሩት። በአፕሪል 19 ቀን 1897 በፓሪስ አዳራሽ ሰው ሰብስቦ 12 ዓመት ሙሉ የተናገረው ሁሉ ቀልድ እንደ ነበረ አስታወቀ፤ ስላደረጉለትም እርዳታ ካህናቱን አመሰገነ። ከስድቡ ሁሉ የከፋው ስድብ ያ ምስጋና ነበረ። የሚያሳዝነውም እርሱ ውሸት ነው ካለ በኋላ እንኳ የጻፈውን እንደ ማስረጃ የሚጠቅሱ መገኘታቸው ነው። ካህን ለጠላቱ የሚያዳላ ሐሰትን ተጠንቅቆ ይመረምራል፤ ለራሱ የሚያዳላውን ሐሰት ግን ሳይመረምር ይቀበላል። ታክሲል ይህን ድካም ያውቅ ነበር።

የእነዚህ ተረቶች መሣሪያ ምልክት መፍታት ነው። ላንግደን ያስተምረዋል የተባለው «ሲምቦሎጂ» የተባለ ትምህርት በሐርቫርድ የለም። የምልክት ፍቺ ራሱ ግን ለቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ወርቁ በሰሙ ውስጥ ተሰውሮ ይገኛል፤ ይሁን እንጂ ተማሪው ወርቁ ይህ ነው ባለ ጊዜ መምህሩ ቃሉንና አገባቡን፣ ታሪኩንም ይጠይቀዋል፤ ሰሙ የማይሸከመውን ወርቅ ያመጣ እንደ ሆነ ይመልሰዋል። በትርጓሜ ቤትም «አንድም» እያሉ ፍቺ መጨመር ከመምህር በተቀበሉት ሥርዓት ነው እንጂ እንደ ልብ አይደለም። የስውር ማኅበር ፈላጊዎች ግን መላሽ መምህር የላቸውም። በአሜሪካ የአንድ ዶላር ወረቀት ላይ ፒራሚድና በሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለ ዐይን ይታያል፤ ከፒራሚዱም ሥር 1776 የሚል በሮማ ቁጥር ተጽፏል። ይህ ዘመን ማኅበሩ የተመሠረተበት ነውና ወረቀቱ የእርሱ ነው ይላሉ። 1776 ግን አሜሪካ ነጻነቷን ያወጀችበት ዓመት ነው፤ በሦስት ማዕዘን ያለውም ዐይን ማኅበሩ ከመወለዱ አስቀድሞ በአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት የእግዚአብሔርን ጠባቂነት ለማመልከት ሲሣል የኖረ ነው። ቀላሉ ወርቅ በሰሙ ላይ ተቀምጦ ሳለ እነርሱ ጥልቁን ሊቈፍሩ ሄዱ።

«ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር» የሚለውን ተረት የሚጠቅስ ይኖር ይሆናል። ተረቱ መልካም ነው፤ ገንፎውን በጣት ፈትሽ ይላልና። የፈተሸ ሰው ስንጥሩን ቢያገኝ ያወጣዋል፤ ባያገኝ ይበላል። ሳይፈትሽ ገንፎ ሠሪዋን መርዘኛ ናት የሚል ግን ጠርጣሪ ሳይሆን ሐሜተኛ ነው። ይህም በሽታ የሩቅ አገር ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው ሰው በስውር የሚበላ ቡዳ ነው ተብሎ ስንት ዘመን ተሰደበ፤ ከእርሱም ጋር ጋብቻ ተከለከለ። ማረሻውን ከእጁ የተቀበለ ገበሬ ሰላምታውን ነፈገው። ዳግማዊ ምኒልክ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በአዋጅ መከልከላቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ያስረዳል። እዚህም የስውር እጅ ተረትና የጥበብ ጥላቻ በአንድ ቀንበር ተጠምደው ይገኛሉ፤ ያልታወቀ ሙያ ያለው ሰው ያልታወቀ ክፋት አለበት ተብሎ ይገመታልና።

በመጨረሻም የሚደንቀው፣ ልብ ወለዱ ራሱ በገዛ መግቢያው ላይ የሚመሰክር መሆኑ ነው። መጽሐፉን እስከ ፍጻሜው ያነበበ ሰው እንደሚያውቀው፣ በታሪኩ ውስጥ ኢሉሚናቲ የሚባል ሕያው ማኅበር የለም፤ ከሞተ ቈይቷል። ግድያውን ሁሉ ያዘዘው የጳጳሱን ቤት እንዲጠብቅ የተሾመው ካህን ነው፤ ጳጳሱንም የገደለው እርሱ ነው። ሕዝብ በፍርሃት ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዲመለስ ብሎ የሞተውን ማኅበር ስም እንደ ጭንብል አጠለቀ። እንግዲህ የተረቱ ወርቅ ይህ ነው፤ ስውር ጠላት አለ እያለ የሚያስፈራራ ሰው ራሱ ሊፈራ ይገባዋል። ይህ መልካም ትምህርት ነው፤ ከብዙ ስብከትም ይበልጣል። ደራሲው በመጨረሻው ምዕራፍ የተናገረውን እውነት በመጀመሪያው ገጽ ባይሸጠው ኖሮ መጽሐፉ ከምስጋና በቀር ሌላ ባላስፈለገው ነበር። አንባቢዎቹም ብዙዎች ፍጻሜውን ረስተው መግቢያውን ያዙ፤ ከ600 ገጽ ንባብ በኋላ በእጃቸው የቀረው ደራሲው ራሱ ያፈረሰው ተረት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መጽሐፉን ማገድም ማቃጠልም አይረባም፤ የ1616ቱ እገዳ ማንን እንዳዋረደ ታይቷል። የሚያነብ ያንብብ፤ የሚያነብም በአቅራቢያው የሚጠይቀው ሰው ይኑረው። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህርና ሰባኪ፣ የከተማም ምሁር፣ ወጣት ስለ ስውር ማኅበር በጠየቃቸው ጊዜ አይሣቁበት፤ አያስፈራሩትም። ማንኛውም ዳኛ የሚጠይቀውን አራት ጥያቄ ያስተምሩት። የተባለው ነገር መቼ ሆነ? ያደረገውስ ሰው ስሙ ማን ነው? ጽሑፉ ወይም ምስክሩ የት ይገኛል? የተከሰሰውስ መልስ እንዲሰጥ ተጠይቋልን? ጋሊሌዎ በኢሉሚናቲ ማኅበር መግባቱ በመጀመሪያው ጥያቄ ይወድቃል። የፕራጉ የመቃብር ጉባኤ በሦስተኛው ይወድቃል። ቡዳ የተባለው ጎረቤት ደግሞ በአራተኛው ነጻ ይወጣል፤ ማንም ጠይቆት አያውቅምና።

ካህን ይህን የማስተማር ዕዳ ከማንም ይልቅ አለበት። የማይታየውን እንዲያምን ሕዝብን የሚጠራ ሰው፣ ሐሰተኛ የማይታይ ነገር በስሙ እንዳይሸጥ አጥብቆ መጠበቅ ይገባዋል። በአውደ ምሕረት ቆሞ ያልመረመረውን የሴራ ወሬ የሚያሰማ ካህን፣ ከዚያው ከንፈር የሚወጣው ወንጌል ከወሬው እኩል እንዲታይ ያደርጋል፤ ሰሚው ወሬው ሐሰት መሆኑን ያወቀ ዕለትም ሁለቱን በአንድነት ይጥላቸዋል።